ጣሪያ አንኳኪው ፓኪሶ

ፓኪሶ ራሞሌፌ እ.ኤ.አ. ቅዳሜ ኤፕሪል 6 ቀን 1991 ከቀትር በኋላ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው፣ እንግሊዝኛ ሊማር ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩና ጠረጴዛው ለሕፃናት የተሠሩ ስለ ነበሩ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ አለው፤ ስለዚህ ወደ ጎን ዞሮ እግሮቹን በመተላለፊያው ላይ ዘረጋና ብርድ ልብሱን በትከሻው ላይ አስተካክሎ ሰሌዳውን ይመለከት ጀመር። አዳራሹ በደቡብ አፍሪካ፣ በፍሪ ስቴት ከሚገኙት የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች በአንዱ፣ በሠራተኞች ሰፈር ውስጥ የተሠራ ጸሎት ቤት ነበር። እሑድ ይዘመርበታል፤ ቅዳሜ ግስ ይረባበታል።

ፓኪሶ ከሌሶቶ ተራሮች ወርዶ ወደ ጉድጓድ የገባው ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ነው። ለብዙ ዓመታት ዓለት በመሰርሰሪያ ሲበሳ ኖረ፤ ኋላም የቡድን መሪ ሆነ። የቡድን መሪ በድማሚት የተናደ ቦታ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ በረጅም ድጅኖ ጣሪያውን እያንኳኳ ያዳምጣል። ጽኑ ዓለት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ከበላዩ የተላቀቀ ዓለት ግን እንደ ባዶ በርሜል ያጉረመርማል። ያጉረመረመውን ፈልቅቆ ይጥለዋል፤ በጮኸው ላይ በኖራ ምልክት ያደርግበታል። ሌላው ሰው የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። የብዙ ሰው ነፍስ በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች ማለት ነው።

ድማሚት የመለኮስ ፈቃድ ለነጮች ብቻ እንዲሰጥ ያደርግ የነበረው ሕግ በቅርቡ ተሽሮ ነበር። ፈቃዱን የሚሻ ጥቁር ሠራተኛ ግን በመንግሥት መርማሪ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት ነበረበት። ከጉድጓዱ ውስጥ ነጭና ጥቁር የሚግባቡት ፋናካሎ በሚባል ቅይጥ ቋንቋ ነው፤ ፋናካሎ ደግሞ «አንሣ፣ ጣል፣ ፍጠን» ለማለት ይበቃል እንጂ «ይህን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው» ለማለት አይበቃም። ለትእዛዝ ብቻ የተሠራ ቋንቋ የሚናገሩበትን ሰዎች ከአዛዥና ከታዛዥ የተሻለ ነገር አያደርጋቸውም። ፓኪሶም ይህን ስላወቀ ወደ ምሜ ማፑሌንግ ሄደ፤ ምሜ በአገሩ ቋንቋ በሴሶቶ እናት ማለት ነው።

ምሜ ማፑሌንግ ባላቸው በዚያው ጉድጓድ የሞተባቸው፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ሴት ነበሩ። ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ቀጥ ብለው ይናገራሉ፤ ጎባጣ ዓረፍተ ነገር ከሰሙ እንደ ጎባጣ አጥር ቆመው ያቃኑታል። «ግስ የዓረፍተ ነገር አጥንት ነው» ይሉ ነበር። «መጀመሪያ በእጅ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ልብ ይገባል። በእጁ ያልጨበጠውን በልቤ ይዣለሁ የሚል ሰው ውሸታም ነው።» ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከሥራው አንድ ግስ እንዲያመጣ ያዝዙ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ተራው የፓኪሶ ሆነና ግሱን ሰሌዳው ላይ ጻፉለት። «ሳውንድ» የሚል ነበር።

«ይህን የሚያውቅ ማን ነው?»

«ድምፅ ማለት ነው፣ ምሜ» አለ ሴአባታ ከኋላ ወንበር። ሴአባታ የፓኪሶ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ የገመድ መጎተቻ ማሽን ይነዳል። ወደ ትምህርቱ የሚመጣው ለሻዩ እንደ ሆነ እርሱም ሌላውም አይደብቁም።

«እኔ ግስ ጠየቅሁ፣ አንተ ስም መለስህ። ስምና ግስ የማይለይ ሰው አባወራና በሬ አይለይም።»

«እኛ አገር ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ምሜ። ሁለቱም ይጎትታሉ፣ ሁለቱም ይገረፋሉ።»

ሳቁ እስኪበርድ ምሜ ማፑሌንግ ኖራቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። ፓኪሶም ከወንበሩ ተነሣና ከጥግ የቆመውን ረጅም መጥረጊያ አንስቶ በእጀታው የአዳራሹን የእንጨት ጣሪያ አንኳኳ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራምዶ ደግሞ አንኳኳ።

«ይኸው ነው» አለ። «ድንጋዩን ትጠይቀዋለህ፤ ይመልስልሃል።»

«መልካም። እጅህ ያውቀዋል። አሁን ሰው ላይ አድርገው።»

«ሰው ድንጋይ አይደለም፣ ምሜ።»

«ልጅ ሊያጭ የተላከ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹አንድ ቅል ውኃ ስጡን› ይላል። ውኃ ጠምቶት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን እያደረገ ነው?»

ምሜ ማፑሌንግ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «የቤቱን ልብ እያንኳኳ ነው። የሚፈልገውን አልተናገረም፤ ግን ውኃው እንዴት እንደ ተሰጠው አይቶ የሚፈልገውን ያገኝ እንደ ሆነ ያውቃል። እንግሊዝኛም ለዚህ ይህንኑ ግስ ይጠቀማል። ሰውን ሳይጠይቁ መጠየቅ ማለት ነው።»

«ይኼ አቡቲ እህቴን ሲያጭ የላካቸው ሽማግሌ ግን እውነትም ጠምቷቸው ነበር» አለ ሴአባታ፤ አቡቲ የሚለው «ታላቅ ወንድሜ» ለማለት ነው። «ውኃውን ጠጡና ነገሩን ረስተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በነጋታው ሌላ ሽማግሌ ባይልክ ኖሮ ይኼኔ እህቴ ደኅና ሰው ታገባ ነበር።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፓኪሶም ሳቀ፤ የሳቀው ግን ሌሎቹ ከሳቁ በኋላ፣ ፊታቸውን ተመልክቶ ነው። ምሜ ማፑሌንግ ይህን አዩ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ከበስተኋላው ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፓኪሶ፣ ብርድ ልብስህ ወድቋል» አሉት። አልዞረም። ብርድ ልብሱም አልወደቀም ነበር። በጎኑ አልፈው ቀደሙትና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጆሮህ።»

መካድ ፈልጎ ነበር፤ ዓይናቸውን ሲያይ ተወው። «መሰርሰሪያው ወሰደው» አለ። «የሰው ድምፅ ፊቱን ካየሁ ይገባኛል። ድንጋዩ ግን ሁሉም አንድ ሆኖብኛል። የሚጮኸውም ያጉረመርማል፣ የሚያጉረመርመውም ያጉረመርማል።»

«ለአለቆችህ ነግረሃል?»

«ከነገርኋቸው ፈቃዱ ቀርቶ ድጅኖውንም ይቀሙኛል። ወደ አገሬ ቢሸኙኝ ምን እሠራለሁ? ማሳዬን ጎርፍ ሸርሽሮ ገደል አድርጎታል፤ የሚታረስ የቀረኝ የሬሳ መቀበሪያ ያህል ነው።»

«ታዲያ ማን ያዳምጥልሃል?»

ፓኪሶ ወደ ደጃፉ ተመለከተ። ሴአባታ የሻይ ኩባያውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት ነበር። «እርሱ ከኋላዬ ይቆማል። ስመታ ይሰማል። ከጮኸ የራሱን መብራት ወደ ላይ ያነሣልኛል፣ ካጉረመረመ ወደ መሬት ይደፋልኛል። ማንም አያውቅም።»

«እርሱ በሌለበት ቀንስ?»

«እርሱ የማይኖርበት ቀን የለም።»

ምሜ ማፑሌንግ ወደ ሰሌዳው ተመልሰው ግሱን አጠፉት። «እኔ የግስ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም» አሉ። ይህ መልስ በዚያን ጊዜ ትሕትና መሰላቸው። ትሕትናና ፍርሃት ግን መልካቸው የሚመሳሰል ወንድማማቾች ናቸው፤ የትኛው እንደ ነበረ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ፓኪሶ በዚያ ክረምት በትጋት ተማረ። ለፈቃዱ የተደረገው የሐኪም ምርመራ ጆሮን በመብራት ከማየትና ስምን ከመጠየቅ አልዘለለም፤ ስሙንም ፓኪሶ ከሐኪሙ ከንፈር ላይ አንብቦ መለሰ። በመንግሥቱ መርማሪ ፊት በቆመ ጊዜ ጣሪያ እንዴት እንደሚንኳኳ ተጠየቀ፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ ግሱን ከባለቤቱ ጋር አስማምቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳ። ፈቃዱን አገኘ። በዚያ ማዕድን ፈቃዱን ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሠራተኞች አንዱ ሆነ፤ ለዕረፍት ወደ መንደሩ በሄደ ጊዜም አማቱ፣ የሴአባታ አባት ንታቴ ሞኤቲ፣ በከብቶች በረት ደጃፍ ላይ፣ በሽማግሌዎች መካከል አስቀምጠው ደገሱለት።

«እንግዲህ ፈቃዱ የአንተ፣ ጆሮው የእኔ» አለው ሴአባታ ከድግሱ በኋላ። «ሲሾሙህ ግማሽህን ብቻ ነው የሾሙት። ለግማሹ ማን ይመርቅለት?»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል።»

«እነርሱ እንኳ ይሰሙኛል። አንተ ነህ እንጂ የማትሰማኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። የእህት ባልና የሚስት ወንድም ብቻቸውን ሲሆኑ እንዲህ መቀላለድ ይችላሉ። በሰው ፊት ግን የእህትን ባል ማረም ነውር ነው፤ ስሕተት ቢያገኙበት እንኳ ቤት እስኪገቡ ጠብቀው፣ ያውም በምሳሌ ነው የሚነግሩት። ሴአባታ ቀልደኛ ቢሆንም ይህን ወግ አፍርሶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት የካቲት፣ በአንድ ጠዋት፣ የመጎተቻ ማሽኑ ገመድ ተበጥሶ ሴአባታ ከአሳንሰሩ ማረፊያ ሲጠግን ዘገየ። ፓኪሶና ቡድኑ ከቁፋሮው አፍ ላይ ደረሱ። የፈረቃው አለቃ ዱፕሬ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር፤ ያለፈው ሳምንት ምርት አንሶ ስለ ተቆጡት እርሱም በተራው ይቆጣ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ፓኪሶን።

«ሴአባታን፣ ጌታዬ።»

«ሴአባታ ገመድ ጎታች ነው። ጣሪያውን የሚያንኳኳው ፈቃድ የያዘ ሰው ነው። ፈቃዱ የማን ነው?»

የቡድኑ ሰዎች ከኋላ ቆመው ይመለከታሉ። ፓኪሶ ከመካከላቸው አንዱን ጠርቶ «አዳምጥልኝ» ማለት ይችል ነበር። ያን ቃል ለማውጣት ግን ለዓመታት የሸሸገውን ሁሉ ማውጣት ነበረበት። ድጅኖውን አነሣና ብቻውን ገባ። እየመታ መዳፉ ላይ የሚደርሰውን ንዝረት ለመለየት ሞከረ። ጽኑ ዓለት ብረቱን መልሶ ይገፋዋል፤ ይህን ያህል እጁ ያውቃል። በቀኝ በኩል የገፋው መሰለው። በግራ በኩልም የገፋው መሰለው። «መሰለኝ» በሚል ግስ ላይ የሰው ነፍስ አይሳፈርም፤ እርሱ ግን አሳፈረበት። በኖራ ምልክቱን አደረገና ወጣ።

ሴአባታ በዚህ መካከል ሮጦ ደረሰ። ላቡን ጠርጎ ፊቱን ወደ ፓኪሶ አዞረ፤ ከንፈሩን እንዲያነብለት ቃሉን እየነጣጠለ ጠየቀው።

«ተንኳኳ?»

«ተንኳኳ።»

«ምን አለ?»

«ይጮኻል።»

ሴአባታ መብራቱን ወደ ምልክቱ አንሥቶ ቆየ። ማን እንዳዳመጠ ያውቃል፤ ማንም አላዳመጠም። እጁን ዘርግቶ ድጅኖውን መቀበልና አንዴ መታ ማድረግ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ዱፕሬ ቆሟል፤ የቡድኑ ሰዎችም ቆመዋል። በእነርሱ ፊት ድጅኖውን ከእህቱ ባል እጅ መውሰድ «ይህ ሰው ደንቆሮ ነው» ብሎ ማወጅ ነው።

«አቡቲ ይጮኻል ካለ ይጮኻል» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «በእርሱ ቤት የማይጮኽ ነገር የለም፤ እህቴን ጠይቋት።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሴአባታ የገመዱን መንጠቆ በትከሻው አንግቶ ከሁሉም ቀድሞ ገባ፤ መንጠቆውን ከቁፋሮው ጥግ የሚያስር እርሱ ነውና።

ድንጋዩ ሲወርድ ፓኪሶ አልሰማም። ያየው አቧራውን ነው።

ቆፍረው አወጡት። ፓኪሶ ጥፍሮቹ እስኪነቀሉ በእጁ ቆፈረ፤ ለሟቹ የጠቀመው ነገር ግን አልነበረም።

በነጋታው ዱፕሬ ወደ ቢሮው አስጠራው። በር ዘጋ፤ ወንበር ሰጠው። ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል ወንበር ተሰጥቶት አያውቅም።

«አዝኛለሁ» አለ ዱፕሬ። «ዘመድህ ነበር ይላሉ።»

«የሚስቴ ወንድም ነው፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ ሠራተኛ ነበር። ትንሽ ችኩል ብቻ። ችኩል አልነበረም?»

ፓኪሶ የቆሰሉ ጣቶቹን በብርድ ልብሱ ሸፈነ፤ ዱፕሬም ቀጠለ።

«ቀልድ ይወድ ነበር። ቀልድ የሚወድ ሰው ሁልጊዜ አይጠነቀቅም። ምልክት ሳይደረግ ዘው ብሎ የገባበት ቀን የለም?»

ፓኪሶ የሰውየውን ከንፈር እየተመለከተ ነበር። ቃሎቹ ቀላል ናቸው፤ አንዱም አይከብድም፤ አንዱ ጋ ነካ፣ ሌላው ጋ ነካ ያደርጋሉ፤ ከእያንዳንዳቸው በኋላ ዱፕሬ ጥቂት ዝም ብሎ ይጠብቃል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትና «ሰው ድንጋይ አይደለም» ብሎ የመለሰው ግስ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ድጅኖውን የያዘው እርሱ ነበር። ከድጅኖው ሥር ሆኖ አያውቅም ነበር።

«የአደጋው መርማሪ በመጪው ወር ይመጣል» አለ ዱፕሬ። «ፈቃድህ ጥሩ ፈቃድ ነው። ማጣቱ ያሳዝናል። ሟችን ደግሞ ቃል አይጎዳውም።»

«አይጎዳውም፣ ጌታዬ» አለ ፓኪሶ። ውስጡ ባዶ የሆነ ድንጋይ እንደሚመልሰው መለሰ፤ ዱፕሬም ሰምቶ ፈገግ አለ።

ሬሳው ወደ ተራራው ተወሰደ። በጉድጓድ የሞተን ሰው ሞት፣ አብሮት የነበረ ሰው በበረቱ ውስጥ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ መናገር አለበት፤ አንድ ጊዜ ይናገራል፣ ጥያቄ አይጠየቅም። ንታቴ ሞኤቲ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘዋል። ፓኪሶ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ቆመ።

«ጠዋት ገባን። ድንጋይ ወደቀ። ሴአባታ ከሥሩ ነበር። አወጣነው፤ ሞቶ ነበር።»

የተናገረው ቃል ሁሉ እውነት ነበር፤ ቃሎቹ ተደምረው ግን ውሸት ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ንታቴ ሞኤቲ ተነሥተው የቆሰሉ ጣቶቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄን በእጅህ ቆፍረህ ያወጣህልኝ አንተ ነህ» አሉ። «እኔ ወንድ ልጅ አጣሁ፤ አንተ ግን አለህልኝ።» ከታረደው በሬ ለሽማግሌ የሚገባውን ሥጋ ቆርሰው አስያዙት። አፉ ውስጥ አላመጠው፣ አላመጠውና ሰው ሳያየው ተፋው።

ሚስቱ ማሊኔዎ ሐዘንተኛው ሁሉ ሲበተን ወደ እርሱ መጣች። ራሷን ተላጭታለች። ፊቱን በእጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው፤ ካላዞረችው እንደማይሰማት ታውቃለች።

«ጣሪያውን ያንኳኳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዳመጠ?»

ማሊኔዎ ከእጇ ለቀቀችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከእርሱ ጋር ስትናገር ጀርባዋን ሰጥታ ሆነ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከትከሻዋ መነሣትና መውረድ ያውቃል፤ ምን እንደምትል ግን አያውቅም።

ወደ ማዕድኑ በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ምሜ ማፑሌንግ ሄደ። ትምህርቱ ገና አልጀመረም ነበር።

«ለመርማሪው የምናገረውን በእንግሊዝኛ አስተካክሉልኝ» አላቸው።

«አስተርጓሚ ይሰጡሃል።»

«አስተርጓሚው የዱፕሬ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ሞክር፤ ልስማህ።»

«ጣሪያው ተንኳኩቶ ነበር። ድምፁ አልተሰማም። ስሕተት ተፈጥሯል።»

ምሜ ማፑሌንግ ጠረጴዛውን በማስመሪያ መቱ። «ማን አንኳኳ? ማን አልሰማም? ስሕተቱ ራሱን ፈጠረ? ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር የፈሪ ዋሻ ነው፣ ፓኪሶ። ከመጀመሪያው ‹እኔ› ብለህ ጀምር።»

ጀመረ። አቋርጠው አረሙት፤ እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ ፊታቸውን እንዲያይ ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦ «እኔም አውቅ ነበር። በዚህ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሐኪም አይደለሁም አልሁ። ሐኪም መሆን አያስፈልገኝም ነበር፤ ምላስ ይበቃኝ ነበር። አንተ የአንተን ተናገር፤ የእኔን እኔ እናገራለሁ።» ተማሪዎቹ ገብተው ሲቀመጡም በሁሉም ፊት ተናገሩት።

ምርመራው በማዕድኑ ጽሕፈት ቤት ተደረገ። መርማሪው ሽበታም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ንታቴ ሞኤቲ በአውቶቡስ መጥተው ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የሣር ባርኔጣቸው በጉልበታቸው ላይ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። ዱፕሬ አስቀድሞ መሰከረ፦ ሟቹ ችኩል እንደ ነበረ፣ ምልክት ሳይጠብቅ የመግባት ልማድ እንደ ነበረው ተናገረ። አስተርጓሚው ለሽማግሌው «ስለ ሥራው እየተናገሩ ነው» አላቸው።

ፓኪሶ ተጠራ።

«ጌታዬ፣ ፊትዎን ወደ እኔ አድርገው ይጠይቁኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ካላየሁ አልሰማም።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ዱፕሬ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ጣሪያውን አንኳክተሃል?»

«አንኳክቻለሁ። ግን አልሰማሁም። ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ደበቅሁት። ሁልጊዜ ሴአባታ ያዳምጥልኝ ነበር፤ በዚያን ቀን አልነበረም። እኔ ይጮኻል አልሁ። ዋሸሁ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሴአባታ ምልክቱን አይቶ ገባ። አልቸኮለም። እኔ ገደልሁት።»

ንታቴ ሞኤቲ ከሰዎቹ ፊት አንዳች ነገር አንብበው አስተርጓሚውን ጎተቱት።

«ምን አለ? ልጄ ምን አለ?»

አስተርጓሚው ወደ ዱፕሬ ተመለከተ፤ አልተናገረም። ፓኪሶ የሽማግሌውን ከንፈር አየ። እስከዚያች ቅጽበት የተናገረውን ሁሉ የተናገረው እርሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ መናገሩ ከባድ ቢመስልም ቀላሉ ነበር። ዞረና ያንኑ ቃል በቃል በሴሶቶ ተናገረው። ከቃሎቹ አንዱንም አላለዘበም።

ንታቴ ሞኤቲ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው።

«በበረቱ ውስጥ ስትቆም ይህን ለምን አልነገርኸንም?»

«ፈራሁ፣ ንታቴ።»

«እዚያ የተቀመጥነው ዘመዶችህ ነበርን። ዘመድህን ፈርተህ ባዕድ አመንህ?»

ሽማግሌው በትራቸውን እየደገፉ ወጡ፤ የመልሱን አውቶቡስ ለመጠበቅ ከአጥሩ ውጭ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፓኪሶ ሊሸኛቸው ወጥቶ ከኋላቸው ቆመ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ አልዞሩም።

የፓኪሶ ፈቃድ በዚያው ቀን ተነጠቀ፤ በሳምንቱም ከሥራ ተሰናበተ። ዱፕሬ በሥራው ላይ ቆየ። በዚህ የሚደነቅ ካለ ብዙ አልኖረም። መርማሪው ግን ሁለት ነገር ጻፈ፦ ሴአባታ ጥፋት እንደሌለበት፣ ጣሪያ የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ጆሮው በየዓመቱ እንዲመረመር። ማዕድኑ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ተቀበለው። በመጀመሪያው ምርመራ ከቆዩት አንኳኪዎች ብዙዎቹ ደንቁረው ተገኙ። ሁሉም እንደ ፓኪሶ ከኋላቸው የሚያዳምጥ ሰው ነበራቸው፤ ሁሉም ምሥጢሩ የእነርሱ ብቻ መስሏቸው ነበር።

ፓኪሶ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ንታቴ ሞኤቲ ሰላምታውን ይቀበላሉ፤ በበረቱ ደጃፍ ግን ዳግመኛ አላስቀመጡትም። ማሊኔዎ ምግቡን ታቀርብለታለች። ፊቷን ወደ እርሱ የመለሰችበት ጊዜ እንዳለ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ጎርፍ ከሸረሸረው ማሳ በቀረው ላይ ማሽላ እየዘራ ኖረ፤ ኖረና እ.ኤ.አ. በ2009 በሳንባ በሽታ ሞተ።

ፓኪሶ ራሞሌፌ በጎልማሳነቱ እንግሊዝኛ ተምሮ ድማሚት የመለኮስ ፈቃድ ያገኘ፣ ያገኘውንም ፈቃድ በራሱ ምስክርነት ያጣ ሰው ነበር። በዚያ ማዕድን ጆሮው ያልተመረመረ ሰው ጣሪያ እንዳያንኳኳ የተደነገገው እርሱ በሰጠው ቃል ነው።